ፊርማው የማን ነበር? ስለ ፒተር ማሮኮና ስለ አሜሪካ ዕርዳታ ለጠየቃችሁን

በዚህ ሰሞን ወደ ዓምዱ ከመጡት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አሜሪካ ዕርዳታ መቋረጥ የሚጠይቁ ናቸው። የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በአሜሪካ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን ሒሳብ እየያዝኩ ዓመታት ስለኖርኩ፣ ነገሩን የማየው ከክፍያ ሰነዱ በኩል ነው፤ መልሶቼም ወደዚያው ያዘነብላሉ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስለ ዩኤስኤአይዲ መዘጋት ሲወራ የምሰማው የኢሎን መስክን ስም ነው። አንድ ወዳጄ ግን «ዋናው ሰው ማሮኮ የሚባለው ነው» አለኝ። ማሮኮ ማን ናቸው? ይህን ያህል ሥልጣንስ ከየት አገኙ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወዳጅዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። መስክ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2025፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን ዩኤስኤአይዲን እንጨት መክተፊያ ማሽን ውስጥ ሲጨምሩ ማሳለፋቸውን በማኅበራዊ ገጻቸው ጻፉና ያ አባባል ዓለምን አዳረሰ። ነገር ግን መስክ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው የሚፈርሙበት ወንበር አልነበራቸውም። ወንበሩ የነበረው ለፒተር ማሮኮ ነው።

ማሮኮ ቀድሞ በአሜሪካ ማሪን ጦር ያገለገሉ ሰው ናቸው። በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን በንግድ፣ በመከላከያና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች ተዘዋውረው ሠርተዋል። በ2020 አጋማሽ ወደ ዩኤስኤአይዲ ተዛውረው የግጭት መከላከልና ማረጋጋት ቢሮን መምራት ጀመሩ። በሴፕቴምበር ወር ላይ የራሳቸው ሠራተኞች 13 ገጽ የተቃውሞ ማስታወሻ ጽፈው ለበላይ አቀረቡባቸው። የማስታወሻው ፍሬ ነገር፣ ሰውየው ቀድሞ የጸደቁ ዕቅዶችን እንደገና እየከፈቱ፣ ግዥና ቅጥርን እያስቆሙ፣ የተለመደውን የአስተዳደር አሠራር ሥራ ማገጃ አድርገውታል የሚል ነበር። ብዙም ሳይቆዩ የዕረፍት ፈቃድ ወጡ።

የ2020ውን ታሪክ ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም። ያኔ በአንድ ቢሮ ላይ የሆነውና በ2025 በመላው ተቋም ላይ የሆነው አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ነው። አዲስ ሕግ ሳይወጣ፣ ክርክር ሳይደረግ፣ የጸደቀ ነገር ፊርማ አጥቶ ይቆማል።

በጃንዋሪ 2025 ማሮኮ ሲመለሱ የተሰጣቸው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የውጭ ዕርዳታ ቢሮ ዳይሬክተርነት ነው። ቢሮው በ2006 በኮንዶሊዛ ራይስ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን የውስጥ ሰዎች በአንዲት ፊደል «ኤፍ» እያሉ ይጠሩታል። የአሜሪካ የዕርዳታ በጀት የሚደለደለው እዚያ ነበር። ከዋሽንግተን ውጭ ግን ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር።

አሁን ቀኖቹን ተከተሉ። ጃንዋሪ 20፣ በእኛ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት፣ ትራምፕ በዓለ ሲመታቸው በተፈጸመበት ዕለት የውጭ ልማት ዕርዳታ ለ90 ቀን ቆሞ እንዲመረመር የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈረሙ። የትእዛዙ ቃል የሚናገረው ስለ አዲስ የውል ግዴታና ስለ ክፍያ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 24፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ የወጣው ቴሌግራም፣ ለኤምባሲዎች የሚላከው ይፋዊ መልእክት፣ ግን በመካሄድ ላይ ያለውም ሥራ ሁሉ እንዲቆም አዘዘ። አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ፣ ለእስራኤልና ለግብፅ የሚሰጥ የጦር መሣሪያ ገንዘብና ጥቂት ሌሎች ነገሮች ብቻ ተለይተው ወጡ። ቴሌግራሙን ያረቀቁት ማሮኮ መሆናቸው በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተዘግቧል። ከፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እስከ ቴሌግራሙ ያለው ርቀት በእኔ ዓይን የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ነው። «አዲስ ውል አትግቡ» የሚለው ትእዛዝ ነርሷን ከክሊኒክ አያስወጣትም፤ «የያዛችሁትን አቁሙ» የሚለው ግን በዚያው ቀን ያስወጣታል።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን ሩቢዮ የዩኤስኤአይዲ ተጠባባቂ ኃላፊ መሆናቸውን አስታወቁና የዕለት ተዕለቱን ሥልጣን ለማሮኮ ሰጡ። ለኮንግረስ በላኩት ደብዳቤም ማሮኮ ተቋሙን እንደሚመረምሩና መልሶ ማዋቀር ሊከተል እንደሚችል ገለጹ። በዚህም በጀት የሚደለድለው ቢሮና ገንዘቡን የሚያወጣው ተቋም በአንድ ሰው እጅ ገቡ።

ብዙዎች «ዕርዳታን የማያውቅ ሰው አፈረሰው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማሮኮ አሠራሩን ያውቁታል። የትኛው ፊርማ ከጎደለ ምን እንደሚቆም ከውስጥ ሆነው ያዩ ሰው ናቸው፤ ፍጥነቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በዚያ ጃንዋሪ መጨረሻ «ሕይወት አድን ዕርዳታ ተፈቅዷል» የሚል ዜና ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። የምሠራበት ድርጅት ግን የፈቃዱ ዜና እየተነገረ መጋዘኑን ዘጋና እኛን አሰናበተ። ፈቃድ ከተሰጠ ለምን ይዘጋል? አለቆቻችን ናቸው ያታለሉን? (የመጋዘን ሠራተኛ የነበረ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቆችህን አላውቃቸውምና ስለ እነሱ መፍረድ አልችልም። ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራ ሊቆም እንደሚችል ግን ላስረዳህ እችላለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁና።

እውነት ነው፣ ጃንዋሪ 28 ቀን ሩቢዮ ለሕይወት አድን መድኃኒት፣ ሕክምና፣ ምግብና መጠለያ ልዩ ፈቃድ ሰጥተዋል። ፈቃዱ ግን ወረቀት ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ከመጋዘን ወጥቶ ወረዳ እንዲደርስ የጭነት መኪና ኪራይ፣ የጉልበት ሠራተኛ፣ ነዳጅ፣ የጥበቃ ደመወዝ ይከፈላል። ያ ገንዘብ ከዋሽንግተን የሚመጣው ወደ ዋናው ተቀባይ ድርጅት ነው፤ ዋናው ተቀባይ ለእንዳንተ ዓይነቱ አካባቢያዊ ድርጅት በወርና በሁለት ወር ቅድሚያ ይልካል፣ ወይም ወጪ ተደርጎ ሪፖርት ሲቀርብ ይተካል። በዩኤስኤአይዲ በኩል የክፍያ ጥያቄው ፊኒክስ በሚባለው የሒሳብ ሥርዓት ውስጥ ያልፍ ነበር። እዚያ ላይ የሚያረጋግጥ፣ የሚያጸድቅና የሚለቅ ሰው ነበረ።

በዚያ ሰሞን ያ ሰው አልነበረም። ጃንዋሪ 27 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ የዩኤስኤአይዲ ከፍተኛ ባለሙያዎች በግዳጅ የዕረፍት ፈቃድ ወጥተዋል። ቀጥሎ በኮንትራት የሚሠሩት በመቶዎች ተሰናበቱ። ከዚያ የዋናው መሥሪያ ቤት በር ተዘጋ፣ ድረ ገጹ ጠፋ፣ ኢሜይል የተቆለፈበትም ሠራተኛ ብዙ ነበር። የክፍያ ሥርዓቱን የመስክ ቡድን፣ የመንግሥትን ወጪ እንዲቀንስ በትራምፕ የተቋቋመው ዶጅ፣ ያዘው። ክፍያን የማጽደቁ ሥልጣን ከሙያ ሠራተኞች እጅ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ተሿሚዎች፣ ወደ ማሮኮም ዘንድ ወጣ። በየቀኑ ሺህ ጥያቄ የሚያስተናግድ ሥርዓት በጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሲከመር ምን እንደሚሆን ሒሳብ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ከውጭ ለሚያየው አይታይም። ማቆሚያ ደብዳቤ የደረሰው ድርጅት «የእኔ ሥራ በፈቃዱ ውስጥ ይገባል» ብሎ በራሱ ግምት ቢቀጥልና በኋላ «አይገባም ነበር» ቢባል፣ ያወጣው ወጪ በኦዲት ላይ ያልተፈቀደ ወጪ ተብሎ ይጣልበታል። ከኪሱ ይመልሳል ማለት ነው። አነስተኛ ድርጅት በዚህ ይከስራል። ስለዚህ በስም የተጻፈ ማረጋገጫ እስኪመጣ መጋዘኑን ይዘጋል። ማረጋገጫ እንዲጽፍ የሚጠበቀው ባለሙያ ደግሞ በግዳጅ ዕረፍት ላይ ነው፣ ወይም ተሰናብቷል፣ ወይም እንዳይጽፍ ተነግሮታል። የዩኤስኤአይዲ የዓለም አቀፍ ጤና ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩት ኒኮላስ ኤንሪች በማርች መጀመሪያ ባወጡት ማስታወሻ፣ ልዩ ፈቃዱን ሥራ ላይ እንዳያውሉ ከላይ እንዴት እንደታገዱ ዘርዝረው ጻፉ። በዚያው ቀን ከሥራ ታግደው ፈቃድ ወጡ።

አንተ ስለ መጋዘን ስለጠየቅህ ስለ እህሉ ልጨምር። ፌብሩዋሪ 10 ቀን የዩኤስኤአይዲን ሥራና ገንዘብ የሚቆጣጠረው የኢንስፔክተር ጀነራል ጽሕፈት ቤት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ 489 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የምግብ ዕርዳታ በወደብ፣ በመርከብ ላይና በመጋዘን ለብልሽትና ለስርቆት እንደተጋለጠ አስታወቀ። በማግስቱ ኢንስፔክተር ጀነራሉ ፖል ማርቲን ተባረሩ። ከወራት በኋላም ከጅቡቲ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዱባይና ከሂዩስተን መጋዘኖች ያልተንቀሳቀሰ እህል እንዳለ ይዘገብ ነበር። ዱባይ ከነበረው ውስጥ 496 ቶን ገንቢ ብስኩት ለአፍጋኒስታንና ለፓኪስታን ልጆች ሳይደርስ በጁላይ 2025 ጊዜው አለፈና እንዲወገድ ተወሰነ። ብስኩቱ ተገዝቶ፣ ተከፍሎበት፣ ተጭኖ ደርሶ ነበር። የጎደለው ይወጣ የሚል ፊርማ ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በእኛም አገር የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኤፕሪል 2025፣ ገንዘብ በማለቁ ምክንያት በምግብ እጥረት የተጎዱ 650,000 ሴቶችንና ሕፃናትን ማከም ለማቆም መገደዱን አስታውቋል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ትልቁ ለጋሽ አሜሪካ መሆኗን ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ዩኤስኤአይዲ በሕግ የተቋቋመ ከሆነ አንድ ተሿሚ እንዴት ሊዘጋው ይችላል? ፍርድ ቤቶችስ ምን አሉ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዩኤስኤአይዲን ያቋቋሙት በ1961 ዓመት በወጣው የውጭ ዕርዳታ ሕግ ላይ ተመሥርተው በትእዛዝ ነው። በ1998 ኮንግረስ በሕግ ራሱን የቻለ ተቋም መሆኑን አጸና። ስለዚህ ክርክሩ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፦ ኮንግረስ ያጸናውን ማፍረስ የሚችለው ኮንግረስ ነው። ሩቢዮና ማሮኮ ደግሞ ተቋሙን አልዘጋንም፣ ፕሮግራሞቹን መርምረን የማይጠቅሙትን ሰረዝን፣ የቀሩትን ወደ ውጭ ጉዳይ አዛወርን ባዮች ናቸው። ማርች 10 ቀን ሩቢዮ ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው፣ ወደ 5,200 የሚሆኑ ውሎች መሰረዛቸውንና 1,000 ገደማ መቅረታቸውን አስታወቁ። ይህን ያህል ውል በስድስት ሳምንት አንድ በአንድ ተመርምሯል የሚለውን እኔ አልቀበልም። የአንዲት አነስተኛ ፕሮጀክት ሰነድ ብቻ በስንት ፋይል እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ፣ ዳኛ አሚር አሊ ፌብሩዋሪ 13 ቀን ክፍያ እንዲቀጥል አዘዙ። መንግሥት ይግባኝ አለ። ማርች 5 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ለተሠራ ሥራ ሊከፈል የሚገባውን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጉዳይ የመንግሥትን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ብዙዎቻችን በዚያ ቀን ተስፋ አደረግን። ዳኛ ቴዎዶር ቹዋንግም ማርች 18 ቀን መስክና ዶጅ ዩኤስኤአይዲን ሲያፈርሱ ሕገ መንግሥቱን ሳይጥሱ እንዳልቀሩ ወሰኑ፤ ነገር ግን በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አገደው። በኦገስት ደግሞ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ገንዘብ የተቋረጠባቸው ድርጅቶች በዚህ መንገድ የመክሰስ መብት የላቸውም አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ዋይት ሐውስ 4.9 ቢሊዮን ዶላር የውጭ ዕርዳታ ለመሰረዝ መወሰኑን ለኮንግረስ አሳወቀ፤ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ስለሚያልቅ ኮንግረስ ዝም ቢል ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ሴፕቴምበር 26 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያ ውስጥ ወደ 4 ቢሊዮን የሚጠጋው እንደታገደ እንዲቆይ ፈቀደ። ለሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የምርምር ርእስ የለም፦ ኮንግረስ የመደበውን ገንዘብ ሰዓት በመግደል ማስቀረት ይቻላል ወይ?

ኮንግረስም ራሱ ንጹሕ አይደለም። በጁላይ 2025 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚሰርዝ ሕግ አጽድቋል፤ አብዛኛው የውጭ ዕርዳታ ነው። ለኤችአይቪ የሚውለው የፔፕፋር 400 ሚሊዮን ዶላር ብቻ በሴኔት ክርክር ተርፏል።

ስለ ማሮኮ በግል የተሰጠ ፍርድ ካስፈለገህ፣ በ1969 በኮንግረስ የተቋቋመውን የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን ድጋፍ ሰጪ ተቋም፣ ኢንተር አሜሪካን ፋውንዴሽንን ተመልከት። ዋይት ሐውስ የተቋሙን ቦርድ አባላት አባርሮ ማሮኮን ብቸኛ ተጠባባቂ የቦርድ አባል አደረጋቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙ። ዳኛ ሎረን አሊካን ኤፕሪል 4 ቀን ሹመቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው የተባረሩትን ኃላፊ መልሰዋል። የአፍሪካ ልማት ፋውንዴሽን ላይ ደግሞ ነገሩ በር ላይ ደረሰ። ማርች 5 ቀን ማሮኮና የዶጅ ሰዎች ዋሽንግተን ያለውን ቢሮ ሲጠይቁ ሠራተኞቹ አናስገባም አሏቸው፤ በማግስቱ ከፌዴራል ማርሻሎች ጋር ተመልሰው ገቡ። ያ ተቋም ከ1980 ጀምሮ ለአፍሪካ ገበሬዎች ማኅበራትና ለአነስተኛ ድርጅቶች በቀጥታ ገንዘብ የሚሰጥ፣ በአሜሪካ በጀት ውስጥ ብዙም የማይታይ ቢሮ ነበር። በመካከል ትልልቅ ኮንትራክተር አልነበረውም። ዓላማቸው ብክነትን ማስቀረት ከሆነ መጀመሪያ ሊጠብቁት የሚገባው እሱን ነበር።

ጥያቄ፦ ለዩኤስኤአይዲ ለምን ታለቅሳላችሁ? በ2015 ዓ.ም. በትግራይ የዕርዳታ ስንዴ ገበያ ላይ ሲሸጥ በዓይናችን አይተናል። ገንዘቡን የሚበሉት በመኪና የሚንፈላሰሱት ናቸው። ማሮኮ የሠሩት ትክክል ነው። (ነጋዴ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ ያዩትን አልክድም። በሜይ 2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በትግራይ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ፤ በጁን ወር በመላ አገሪቱ። ዩኤስኤአይዲ ራሱ ስርቆቱን ሰፊና የተቀናጀ ብሎታል። ስለ መኪናውም ቢሆን ብዙ አልከራከርም። በ2023 የበጀት ዓመት ከዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በቀጥታ ለየአገሩ ድርጅቶች የደረሰው 9.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ቃል የተገባው ግን በ2025 25 በመቶ ለማድረስ ነበር። እኔ በዚያ ሥርዓት ታችኛው ጫፍ ተቀምጬ፣ አንዲት ኮምፒዩተር ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ስሰበስብ፣ ላይኛው ድርጅት ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተዳደር የሚቆርጠውን ገንዘብ እያየሁ ተናድጄ ኖሬያለሁ። ይህ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም።

ግን አንድ ነገር ያስተውሉልኝ። በ2023 ዕርዳታው ሲቆም ቢያንስ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ ምዝገባው እንዲስተካከል፣ ተረጂን የሚመርጠው እጅ እንዲለወጥ፣ ስርጭቱን የሚከታተል ገለልተኛ ወገን እንዲጨመር። ይህ ተደርጎ በዓመቱ መጨረሻ ተመለሰ። ያኔም ቢሆን እነዚያ ወራት ለትግራይ ሰው ምን እንደነበሩ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አንድ ስርቆት ለማስተካከል ታስቦ የቆመ ዕርዳታ ያን ያህል ከጎዳ፣ መመለሻው ያልታሰበበት ምን ሊያደርግ ነው?

ስርቆትን ለመያዝ የሚሠሩት ሰዎችም በ2025 ከሥራ ውጭ ከሆኑት መካከል ናቸው። የኢንስፔክተር ጀነራሉ ማስጠንቀቂያ ከእህሉ በተጨማሪ የሚናገረው ይህን ነው፦ በየቦታው እየዞረ ስርጭት የሚያጣራው ሦስተኛ ወገን ተቆጣጣሪም ሥራ እንዲያቆም ተደርጓል፤ ገንዘብ ወደ አሸባሪ ቡድን እንዳይሄድ ተቀባዮችን የሚያጣራው ክፍልም ተዳክሟል። ጆንያ የሚቆጥረውን ሰው አሰናብተው ስለ ሌባ ያወራሉ።

ሩቢዮ ዕርዳታ ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት ብለዋል፤ የአሜሪካን ደህንነት ይበልጥ ይጠብቃል ወይ፣ ጠንካራ ያደርጋታል ወይ፣ ባለጸጋ ያደርጋታል ወይ። ማንም አገር ገንዘቡን በዚህ መመዘን መብቱ ነው፤ የአሜሪካ ግብር ከፋይም ይጠይቅ። ግን ያ ሁሉ ዕርዳታ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት 1 በመቶ ገደማ ነበር። በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደዚህ ያለች መስመር ሰርዞ ዕዳ የቀነሰ ቤት እኔ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ማሮኮ አሁንም እዚያው ናቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደሉም። ሦስት ወር ሳይሞላቸው በኤፕሪል 2025 ለቀቁ። ቦታውን የያዙት ከዶጅ የመጡት ወጣቱ ጠበቃ ጄረሚ ሉዊን ናቸው። ዩኤስኤአይዲ ጁላይ 1 ቀን፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዕርዳታ ሥራውን አቁሞ የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። ማሮኮ በዚያ ቀን ቢሮ ውስጥ አልነበሩም፤ ሥራው ግን ከሄዱበት ጀምሮ ያለ እሳቸውም ይሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ 14 ሚሊዮን ሰው ሞተ የሚል ነገር በስልክ ይዞራል። እውነት ነው? (ከወልቂጤ)

መልስ፦ ሞተ አይደለም። በ2025 አጋማሽ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቅነሳው በዚህ ከቀጠለ እስከ 2030 ድረስ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ በሞዴል ያሰላው ትንበያ ነው። ከእነዚህ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ትንበያ ሊስተካከል፣ ሊቀነስም ሊጨመርም ይችላል። ለምታጋሩት ሰው «ሊሞቱ ይችላሉ» ብላችሁ አጋሩ።

ጥያቄ፦ በኤችአይቪ ክሊኒክ በፕሮጀክት ኮንትራት ስሠራ የነበርኩ ነርስ ነኝ። ውሌ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ተቋረጠ። አሁን «አዲስ ስምምነት ተፈርሟል፣ ዕርዳታው ተመልሷል» ይላሉ። ሥራዬ ይመለሳል? እውነቱን ንገሩኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ አንቺ ያሉ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው እንደተቋረጠ በዚያው ሰሞን ተዘግቧል፤ ስለዚህ ደብዳቤሽ የብዙ ሰው ደብዳቤ ነው።

ስምምነቱ እውነት ነው። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2025 አዲስ የዓለም አቀፍ ጤና ስትራቴጂ አወጣች። በዩኤስኤአይዲና በትልልቅ ድርጅቶች በኩል ይመጣ የነበረው ገንዘብ ከእንግዲህ ከየመንግሥታቱ ጋር በሚፈረም የብዙ ዓመት ስምምነት ይመጣል፣ የተቀባዩ መንግሥት ድርሻም በየዓመቱ ያድጋል ይላል። የመጀመሪያዋ ፈራሚ ኬንያ ናት፤ በዲሴምበር 2025 የተፈረመው ስምምነት በአምስት ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ከአሜሪካ፣ 850 ሚሊዮን ደግሞ ከኬንያ መንግሥት እንዲወጣ ያደርጋል። የታካሚዎችን መረጃ የማስተላለፉን ክፍል የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ አግዶታል። የእኛም መንግሥት በዚያው ወር የአምስት ዓመት ስምምነት ፈርሟል፤ የአሜሪካ ድርሻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እዚህ ላይ የማሮኮ ዘመን ምን እንደተወ በግልጽ ይታያል። የቀድሞው ሥርዓት ወፍራም ነበር፤ ስትራቴጂው ራሱ ከጤና ዕርዳታው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ለመድኃኒትና ለግንባር ቀደም የጤና ሠራተኞች ይውል እንደነበር፣ የቀረው ለቴክኒክ ድጋፍና ለአስተዳደር ይሄድ እንደነበር ይናገራል። ያን ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ነርሶቹን በሥራ ላይ ይዞ፣ መንግሥት ደመወዙን እስኪረከብ አንድና ሁለት ዓመት ሰጥቶ። አሁን የተፈረሙት ስምምነቶች የሚሉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ሁሉም ቆሞ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ታካሚው ቀጠሮውን ካጣ በኋላ መምጣታቸው ነው። ይህን ቅደም ተከተል የመረጡት ሰዎች ምርጫቸውን ሊጠየቁበት ይገባል እላለሁ፤ ማሮኮም ከለቀቁ በኋላ ቢሆን።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ስትራቴጂው ለመጀመሪያው ዓመት የመድኃኒትና የግንባር ቀደም ጤና ሠራተኞችን ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ መንግሥት ደመወዝ ዝርዝር እንደሚሸጋገር ይገልጻል። ስለዚህ ሥራው ቢመለስ የሚመለሰው በመንግሥት መደብና በመንግሥት ደመወዝ ስኬል ነው፤ በፕሮጀክት ታገኚው ከነበረው ያንሳል ብለሽ ተዘጋጂ። ቅጥር መኖሩን የምታውቂው በጤና ቢሮው በሚወጣ ማስታወቂያ ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን «ተመዝገቡ» የሚል ሊንክ ገንዘብ ቢጠይቅሽ ዝጊው።

እስከዚያ ግን ሁለት ወረቀት አስጨርሺ። አንደኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፤ የሠራሽበትን ክሊኒክ፣ የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽና ደመወዝሽን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት። ሁለተኛው የጡረታ መዋጮሽ በስምሽ በየወሩ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማረጋገጫ። ፕሮጀክቱ ቢሮውን ገና አጠቃሎ ካልዘጋ በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የሠራተኛ ፋይል የሚፈልግልሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የቀድሞ አለቃሽ አሻፈረኝ ካሉ የት እንደምታመለክቺ በሚቀጥለው ዕትም እጽፍልሻለሁ፤ የውልሽን ቅጂ ላኪልኝ።